ላፕቶፑ ይቅደም፦ የአንጎል ምስል ትንተና ጥያቄና መልስ

የአንጎል ምስል ትንተና የተግባር ሥልጠና ሲቃረብ ጥያቄው ይበዛል። አብዛኛው ግን ስለ አንጎል አይደለም፣ ስለ ላፕቶፕ ነው። የተወሰኑትን እነሆ። በጥያቄዎቹ የሚነሱት ኤፍኤስኤል፣ ኤስፒኤምና ፍሪሰርፈር የአንጎል ምስል የሚተነትኑ ፕሮግራሞች ናቸው።

ኤፍኤስኤልን ጫንኩት፤ ስጠራው ግን "ትእዛዙ አልተገኘም" ይለኛል

ጠያቂዋ ሁለቴ አጥፍታ ሁለቴ ጭናዋለች፤ የጻፈችልኝ ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል ነው። ተዪው እህቴ፣ ተጭኗል! የላክሽውን የስክሪን ፎቶ አየሁት። ጫኚው ሥራውን በሰላም ጨርሷል፤ አንቺ ደግሞ እዚያው መስኮት ላይ፣ ከሥሩ ባለው መስመር ትእዛዙን ጽፈሻል። ጫኚው የፕሮግራሙን አድራሻ የሚያስቀምጠው በተርሚናሉ (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ ነው፤ ያ ፋይል ደግሞ የሚነበበው ተርሚናሉ ሲከፈት ነው። መስኮቱን ዝጊና አዲስ ክፈቺ። ከዚያ የኤፍኤስኤልን ምስል ማያ፣ ኤፍኤስኤልአይዝን፣ አስነሺና አብሮ የሚመጣውን የኤምኤንአይ መደበኛ አንጎል (ከብዙ ሰዎች አማካይ የተሠራ ማመሳከሪያ ምስል)፣ ባለ 2 ሚሊሜትሩን፣ ክፈቺበት። አንጎሉ በሦስት አቅጣጫ ተቆርጦ ከታየሽ ለሥልጠናው ዝግጁ ነሽ።

ለኤስፒኤም ማትላብ መግዛት ግድ ነው?

አይደለም። ኤስፒኤም የሚሠራው በማትላብ፣ በሚከፈልበት የስሌት ፕሮግራም፣ ላይ ቢሆንም፣ በነፃው የማትላብ ራንታይም (ማስኬጃ) የሚሠራ ቅጂም አለው።

ዊንዶውስ ላይ ኤፍኤስኤል እምቢ አለኝ

እምቢ ይላል፤ የተሠራው ለሊኑክስና ለማክ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደውን ደብሊውኤስኤልን ጫንና በዚያ ተጠቀም። መረጃውንም በሊኑክሱ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፤ ከሲ ድራይቭ እያነበብክ ከሠራህ ይንቀራፈፋል። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ሆኖ መጫን ከከለከለህ የአይቲ ክፍሉን ጠይቅ።

የፍሪሰርፈሩ ሪኮን-ኦል ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ አደረ፤ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ሪኮን-ኦል የአንጎሉን ምስል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተነትን ትእዛዝ ነው፤ ለአንድ ሰው አንጎል ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ተይው፣ ይጨርስ።

አሠልጣኞቹ አንድ የተወሰነ ቨርዥን ጫኑ አሉን። እኔ ከዚያ የበለጠ አዲስ አለኝ፤ ምን ለውጥ አለው?

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ "ያው ነው" የሚል መልስ ሲሰጥም እሰማለሁ። ያው አይደለም።

ፍሪሰርፈር የሚለካውን ነገር አስበው። የአንጎል ቅርፊት ውፍረቱ በአማካይ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የምንፈልገው ለውጥ ደግሞ የዚያ ክፋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት የዚያኑ ሰዎች የዚያኑ ምስል በተለያዩ የፍሪሰርፈር ቨርዥኖች አስኬደው። ሰዎቹ አልተለወጡም፣ ምስሉም አልተነካም። ግን በቨርዥኖቹ መካከል የአንጎል ክፍሎቹ መጠን በአማካይ 8.8 በመቶ፣ የቅርፊቱ ውፍረት ደግሞ 2.8 በመቶ ተለያየ። የማኩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መለያየቱ እንኳ ቁጥሩን ቀይሮታል። ከበሽታ የሚመጣ ለውጥ ከዚህ ሊያንስ እንደሚችል አትርሳ።

አሁን ወደ ሥልጠናው አዳራሽ እንግባ። አሠልጣኟ አንድ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ታወጣለች፤ ያንተ ሌላ ነው፣ ያጠገብህ ልጅም ሌላ። ተሳስቼ ይሆን እያልክ ትጨነቃለህ፣ እሷ ትምህርቱን አቋርጣ ወዳንተ ትመጣለች፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ይሄ ግን ቀላሉ ነው። የሚያሳስበኝ ከሥልጠናው በኋላ ያለው ነው፦ ግማሹን ታካሚ በድሮው፣ ግማሹን በአዲሱ ቨርዥን አስኬደህ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አገኘሁ ብለህ ስትጽፍ። ያገኘኸው የሶፍትዌሩን ልዩነት ሊሆን ይችላል። በሁለት ሚዛን የተመዘነ ዕቃ እንዴት ይነጻጸራል? ሶፍትዌሩ ሚዛንህ ነው።

ስለዚህ የተባለውን ቨርዥን ጫን፤ አዲሱን ለብቻው በሌላ ፎልደር ማቆየት ትችላለህ። ዶከር ወይም አፕቴይነር ከተሰጣችሁ ደግሞ ደስ ይበልህ፤ ፕሮግራሙን ከነሙሉ አካባቢው አሽጎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚያደርገው። አንጎል ሲሠራ የተነሳን ምስል ለትንተና የሚያዘጋጀው ኤፍኤምአርአይፕረፕ በአብዛኛው የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የቨርዥኑን ቁጥርም ዛሬውኑ ማስታወሻህ ላይ ጻፈው፤ ከስድስት ወር በኋላ ከየት ታመጣዋለህ?

ምስሉ ግራና ቀኙ ተገለባብጦብኛል

ላይሆን ይችላል። በራዲዮሎጂ ልማድ የሰውዬው ግራ በአንተ ቀኝ በኩል ይታያል፤ ፊት ለፊትህ እንደቆመ ሰው ማለት ነው። ኤፍኤስኤልአይዝ ሲከፈት እንደዚያ ነው የሚያሳየው። ጠርዙ ላይ ያሉትን የግራና የቀኝ ምልክቶች አንብብ። በዓይንህ ስላልጣመህ ብቻ ፋይሉን ራሱን እንዳትገለብጠው፣ አደራ።

የእናቴን ኤምአርአይ በሲዲ ይዤ ልምጣና አንጎሏ መሟሸሹን ልለካ?

ወንድሜ፣ እናትህ መርሳት ማብዛታቸው እንዳሳሰበህ ከደብዳቤህ ይታያል። ግን አታምጣው። እነዚህ ፕሮግራሞች ለምርምር የተሠሩ ናቸው፤ ከአንድ ሰው አንድ ቁጥር አውጥተህ በሽታ አለ ወይም የለም ማለት አትችልም። አንድ ምስል የሚነበበው ከሕመሙ ታሪክና ከምርመራው ጋር ነው፤ ያንን የሚያደርጉት ራዲዮሎጂስትና የነርቭ ሐኪም ናቸው። ሲዲውን ይዘህ እናትህን ወደ ነርቭ ሐኪም ውሰዳቸው፤ ሥልጠናው እስኪያልቅ አትጠብቅ። መርሳቱ በድንገት የጀመረ ወይም እየባሰ የሄደ ከሆነ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበል።

ሌላም ምክንያት አለ። ሲዲው ላይ ባለው የምስል ፋይል፣ ዳይኮም በሚባለው፣ ውስጥ ስማቸውና የትውልድ ቀናቸው ሊኖር ይችላል። ስሙን ብታጠፋው እንኳ ፊታቸው ምስሉ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ከ84 ፈቃደኞች 83 በመቶውን የፊት መለያ ሶፍትዌር ከኤምአርአይ ምስላቸው ብቻ ከፎቷቸው ጋር አዛምዷቸዋል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ምስሉን ከማጋራታቸው በፊት ፊቱን ቆርጠው የሚያስወግዱት። ሥልጠናው ላይ ለመለማመጃ የተዘጋጀ ምስል ይሰጥሃል፤ በዚያ ሥራ።