ከዜሮ በላይ ሆኖ ልጄን ብርድ እንዴት ጣለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምንኖረው ሲያትል ነው። ሰሞኑን ልጆቼን ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ላስለምድ ስኖኳልሚ ፓስ የሚባል ተራራ ወሰድኳቸው። በረዶ ስንጠብቅ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ወረደብን። ብርዱ ግን 2 ዲግሪ ነበር፣ ከዜሮ በላይ። የ11 ዓመቱ ልጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ ሲራመድም ይንገዳገድ ነበር። ወፍራም ጃኬት፣ ከውስጥ ቲሸርትና የጥጥ ሹራብ፣ ከታች ጂንስ ለብሷል። ምን ነካው?

መልስ፦ እንኳን በደህና ተመለሳችሁ። ልጅዎን የጣለው ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱ ነው። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሙቀት ከሰውነት ይወስዳል። የነገሩኝ ምልክት የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ የሚታይ ነው።

ጋቢ ዝናብ ሲመታው አይተው ያውቃሉ? ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ቶሎም አይደርቅም። ጂንስና ቲሸርትም ያው ጥጥ ናቸው። ሱፍ ግን ርሶም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የሚደርበው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ገላ ላይ ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ በላዩ ፍሊስ የሚባለውን ለስላሳ ሰው ሠራሽ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ያልብሱት። ወፍራም ስለሆነ ብቻ ውሃ አያስገባም ማለት አይደለም። ሱሪውን ደግሞ አይናቁት፤ ወደ ተራራው የሚያወጣው የሊፍት ወንበር ላይ የተጠራቀመው ውሃ የሚገባው በመቀመጫ በኩል ነው። ሲያልበው ዚፑን ይክፈቱለት፣ ላብም ውሃ ነው። ካልሲ አንድ ይበቃል። ሁለት ሲደረብ ጫማው ይጠብና ደም በደንብ አይዘዋወርም፣ እግሩ ይብሱን ይቀዘቅዛል። ትርፍ ጓንት ግን በፌስታል ጠቅልለው ኪስዎ ይያዙ።

ምልክቱ ከተመለሰ “አንድ ዙር ብቻ” ቢልዎ እንዳይሰሙት። ቤት ውስጥ ያስገቡት፣ እርጥቡን አውልቀው ያድርቁት፣ በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። ነቅቶ በደንብ የሚውጥ ከሆነ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር ይስጡት። እጅና እግሩን አይሹት። መንቀጥቀጡ ቆሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ተሽሎታል ብለው እንዳይዘናጉ፤ ያ የባሰ ምልክት ነው። አጋድመው፣ ብዙ ሳያንቀሳቅሱት 911 ይደውሉ፣ የስኪ ፓትሮል የሚባሉትን የቦታውን የነፍስ አድን ሠራተኞችም ይጥሩ።

አሁንም ጣቶቹን የሚያደነዝዘው ወይም የሚያቃጥለው ከሆነ ለሐኪም ያሳዩት።