ገንዘቡ ቁልፉ ላይ ይዋል፦ ስለ ቤት ዲጂታል ፒያኖ የአንባቢዎቻችን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ናቸው። አንዳንዶቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያኖ መማር ጀምራለች። እዚሁ ከተማ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አግኝቻለሁ፤ ሻጩ «ከ200 በላይ ድምፅና ሪትም አለው፣ ለልጅ ይበቃል» ይለኛል። አዲስ አበባ ደግሞ 10 ድምፅ ብቻ ያለው ባለ 88 ቁልፍ አየሁ፤ ዋጋው ግን እጥፍ ነው። ድምፁ ያነሰው ለምን ይወደዳል?
— አባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ያስወደደው ድምፁ አይደለም፤ ከጣት ሥር ያለው ነገር ነው። በባለ 61ዱ ኪቦርድ ውስጥ ቁልፉን ወደ ላይ የሚመልሰው ስፕሪንግ ነው። በዲጂታል ፒያኖ ግን ከየቁልፉ ጋር የተያያዘ ትንሽ መዶሻ አለ። ይህ መዶሻ የሚመታው ክር የለም፤ ሥራው ክብደት መስጠት ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ይነሳል፣ ሲለቁት በራሱ ክብደት ወርዶ ቁልፉን ይመልሰዋል። በአኮስቲክ ፒያኖ (ክር ባለው፣ መብራት በማይፈልገው) እንደሚሆነው ሁሉ በግራ በኩል ያሉት የወፍራም ድምፅ ቁልፎች ከበድ፣ በቀኝ ያሉት ቀጭኖቹ ቀለል ይላሉ።

ልጅዎ በስፕሪንግ ቁልፍ ብቻ ከለመደች ጣቷ ጉልበት ሳያወጣ ድምፅ ማግኘትን ይለምዳል። ቅዳሜ በመምህሯ ፒያኖ ላይ ስትቀመጥ ታዲያ ቀስ ተብሎ የሚመታው ኖታ ይዋጥባታል፣ የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ይደክማሉ። ይህን ልማድ በኋላ ማስተካከል ከመጀመሪያው ከመማር ይከብዳል። የቁልፉ ብዛት ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ የጀማሪ መልመጃ አብዛኛው በ5 ኦክታቭ (ኦክታቭ አንድ ድምፅ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ እስኪደገም ያለው ርቀት ነው)፣ ማለትም በ61 ቁልፍ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ የምንመክርዎ ባለ 88ቱን ነው፤ ምክንያቱ ግን ክብደቱ እንጂ 88ነቱ አይደለም። 88 ቁልፍ ኖሮት በስፕሪንግ የሚሠራም ገበያ ላይ አለና ቁጥሩን ብቻ አይተው እንዳይከፍሉ።

ሱቅ ሲገቡ ፈተናውን መሣሪያው ሳይበራ ይጀምሩ። የመጨረሻውን የግራ ነጭ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን የቀኝ ነጭ ቁልፍ በዝግታ ይጫኑ። የግራው ከበድ ማለት አለበት። ጣትዎን ድንገት ሲያነሱ ስፕሪንጉ ቁልፉን «ጠቅ» አድርጎ ይመልሰዋል፤ ባለመዶሻው ግን ለስለስ ብሎ ነው የሚነሳው። ከዚያ ያስበሩትና አንዱን የመሃል ቁልፍ የሚቻልዎትን ያህል ቀስ አድርገው ወደ ታች ይውሰዱት። ድምፅ ሳያወጣ መውረድ ይኖርበታል። ቀጥለው ደጋግመው፣ በየጊዜው ትንሽ እየጨመሩ ይምቱት፤ ድምፁም አብሮ ማደግ አለበት። ቢመቱትም ቢዳብሱትም እኩል ከጮኸ የንክኪ ምርጫው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ሻጩ ይክፈተው። ተከፍቶም ካልተለወጠ ይተውት። በመጨረሻ ሜትር አውጥተው ተከታታይ 7 ነጭ ቁልፎችን ይለኩ፤ 16.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ካልሆነ የቁልፉ መጠን የፒያኖ አይደለም።

በጀማሪ ደረጃ ከሚታወቁት መካከል ያማሃ ፒ-45፣ እሱን የተካው ፒ-145፣ ካስዮ ሲዲፒ-ኤስ110፣ ሮላንድ ኤፍፒ-10 እና ኮርግ ቢ2 ሁሉም ባለመዶሻ ናቸው፤ ክብደታቸውም ከ10 እስከ 13 ኪሎ ነው። ለጣት ስሜት ብቻ ከሆነ እኛ ኤፍፒ-10ን እናስቀድማለን። በወረቀቱ ላይ «64 ፖሊፎኒ» ወይም «192 ፖሊፎኒ» የሚል ያያሉ፤ በአንድ ጊዜ አብረው ሊሰሙ የሚችሉ ድምፆች ብዛት ነው። ፔዳል ተረግጦ ብዙ ኖታ ሲደራረብ 64ቱ ሊሞላ ይችላል። ለጀማሪ ግን ይበቃል፤ ለዚህ ብለው ገንዘብ አይጨምሩ።

አዲሱ ከአቅም በላይ ከሆነ ከአዲስ ባለ 61 ኪቦርድ ይልቅ ያገለገለ ባለመዶሻ ይሻላል። የሚፈተሽበት መንገድ ከታች አለ።

ጥያቄ፦ እኛ ዘንድ መብራት ይጠፋል፣ ሲመጣ ደግሞ አምፖሉ ቦግ ብሎ ነው። የገዛሁት ፒያኖ እንዳይቃጠል ስታቢላይዘር ይበቃኛል? መብራት በሌለ ቀንስ በ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ማስነሳት ይቻላል?
— መምህርት፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ አደጋው ያለው መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። መንደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲቀጣጠል ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በመጀመሪያ የሚመታው አዳፕተሩ ነው። መብራት እንደጠፋ አዳፕተሩን ከሶኬት ይንቀሉት፣ ከተመለሰ በኋላም 10 ደቂቃ ያህል ቆይተው ይሰኩት። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ አዳፕተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ኃይል ይቀበላል። ስታቢላይዘር ከገዙ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀውን ዓይነት ይምረጡ።

አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ለእኛ 220 ቮልት ይሠራል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣና 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ እንዳይሰኩት፣ ወዲያው ይቃጠላል። ምትክ ሲገዙ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ፣ የሶኬቱ መሃል ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ የሚለውም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ምልክቱ አዳፕተሩም መሣሪያውም ላይ ታትሟል። ያማሃ ፒ-45 12 ቮልት ሆኖ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፤ ብዙ የቀድሞ ካስዮ ኪቦርዶች ደግሞ 9 ቮልት ሆነው መሃላቸው ኔጌቲቭ ነው። ጫፉ ስለገባ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም።

የሶላር ባትሪውን በቀጥታ አያገናኙ። «12 ቮልት» ይባል እንጂ ኃይል እየሞላ ሳለ ከ14 ቮልት በላይ ይደርሳል። በትንሽ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት በሚቀይር መሣሪያ) አድርገው የራሱን አዳፕተር ይሰኩ፤ ፒ-45 የሚበላው 6 ዋት ገደማ ስለሆነ ትንሹ ኢንቨርተር ያንቀሳቅሰዋል። ገና ላልገዛ ሰው ደግሞ የካስዮ ሲዲፒ-ኤስ110 እና ፒኤክስ-ኤስ1100 በስድስት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ መሥራታቸው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ፒ-45ና ኤፍፒ-10 የድንጋይ ቦታ የላቸውም። በማይጫወቱበት ሳምንት ድንጋዮቹን ያውጧቸው፤ ውሃቸው ከፈሰሰ ብረቱን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያገለገለ ዲጂታል ፒያኖ ላይ እየተደራደርኩ ነው። ምኑን ልፈትሽ? ወደ ሸዋ ሮቢት በአውቶቡስ ማምጣትስ ያሰጋል?
— ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ሄድፎን ይዘው ይሂዱ። 88ቱንም ቁልፎች ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ በለስላሳው፣ ከዚያ በመካከለኛ ኃይል ይምቱ። ማንንም አይዝለሉ፤ ሻጩ ቢቸኩልም አሥር ደቂቃ ነው። ከየቁልፉ ሥር የጎማ ጉብ አለ፣ በውስጡም ቢያንስ ሁለት የግንኙነት ነጥቦች አሉ። መሣሪያው የጣትን ፍጥነት የሚያውቀው በሁለቱ መካከል ባለፈው ጊዜ ነው። አንዱ ነጥብ አቧራ ወይም ሻይ ከነካው ስሌቱ ይፋለሳል፤ ቁልፉ አንዳንዴ ዝም ይላል፣ አንዳንዴ በረጋ ንክኪ ይጮሃል። አንድ ሁለት ቁልፍ ከሆነ በባለሙያ እጅ ተከፍቶ፣ ጎማውም ሰሌዳውም በንጹህ አልኮልና በጥጥ ተጠርጎ ይድናል፤ ዋጋ ማስቀነሻ ያድርጉት። ጎን ለጎን ያሉ ስድስት ሰባት ቁልፎች አብረው ከታመሙ ግን ፈሳሽ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይለፉት።

ሌላው ጆሮ የሚሰማው ነገር ነው። መሣሪያውን አጥፍተው ቁልፎቹን ይምቱ። ሁሉም በተመሳሳይ «ዱብ» ማለት አለባቸው። መሃል ላይ ያሉት ብቻ «ቀጭ» የሚሉ ከሆነ መዶሻው የሚያርፍበት ፈልት (የተጠቀጠቀ ወፍራም ጨርቅ) አልቋል። ከዚያ አብርተው የአዳፕተሩን ጫፍ በቀስታ ያወዛውዙ፤ የሚጠፋ ከሆነ ሶኬቱ ላልቷል። ሄድፎኑን ሰክተው በሁለቱም ጆሮ መስማትዎን፣ ሲነቅሉም ስፒከሩ መመለሱን ይመልከቱ። ፔዳሉን ሲሞክሩ መሣሪያው እየበራ ሳለ እግርዎን አያሳርፉበት፤ ብዙዎቹ የፔዳሉን አቅጣጫ የሚለዩት በዚያች ቅጽበት ስለሆነ ተገልብጦ ይሠራል። ሲረግጡ የሚቆርጥ፣ ሲለቁ የሚያስረዝም ከሆነ አልተበላሸም፤ አጥፍተው እንደገና ያስነሱት።

ለጉዞው ዋናው ካርቶን ካለ በእሱ፣ ከሌለ ወፍራም ስፖንጅ ቁልፎቹ ላይ አድርገው ያሽጉት። በጠፍጣፋ ይተኛ፣ ምንም አይጫንበት፣ ገመድም ቁልፉ ላይ አይታሰር። በእርስዎ መንገድ ላይ ግን ከመንገጫገጩ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ በብርድ የቀዘቀዘው መሣሪያ ጣርማ በርን አልፎ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲወርድ፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ እንደሚያልበው ውስጡ ሊያልብ ይችላል። ቤት እንደደረሰ ካርቶኑን አይክፈቱ። እንደታሸገ ቢያንስ ለግማሽ ቀን ይቆይ፣ መብራት ውስጥም አይሰኩት።

ጥያቄ፦ ከተማ ለቀው የሚሄዱ ሰዎች አሮጌ ትልቅ ፒያኖ በነፃ ውሰዱ አሉን። ከዲጂታሉ አይሻልም?
— ከደብረ ሲና

መልስ፦ ነፃ የሚሆነው ስጦታው ብቻ ነው። ቋሚው ፒያኖ 200 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ከ200 በላይ የብረት ክሮቹም በቶኖች በሚቆጠር ኃይል ተወጥረዋል። የክረምቱ ጉም እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ የበጋው ደረቅ አየር ያኮማትረዋል፤ ቅኝቱም አብሮ ይሄዳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ቃኚ ማስመጣት አለባችሁ። ክሩን የሚይዙት ሚስማሮች ያሉበት እንጨት ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ ቢቃኝም በሳምንቱ ይለቃል። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ይየው፤ ካልተገኘ አትውሰዱት።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ልጁ በሄድፎን ቢጫወትም ከታች ያሉት እማማ «ዱብ ዱብ ይለናል» ይላሉ። ምን እናድርግ?
— እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እማማ ልክ ናቸው። ሄድፎን የሚዘጋው ስፒከሩን ነው፤ የመዶሻዎቹ ምት በማቆሚያው እግር ወርዶ ወለሉን ይመታል። ከየእግሩ ሥር ወፍራም ጎማ፣ ከጎማው ሥር ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ የታጠፈ የመንዝ ዝተት ያድርጉ። ጎማው ብቻውን ወይም ዝተቱ ብቻውን እንደ ሁለቱ አይሆንም። የፔዳሉንም ሥር እንዳይረሱ። ማቆሚያው ነጠላ ኤክስ ከሆነ ራሱ ይወዛወዛልና በድርብ ኤክስ ወይም በአራት እግር ይቀይሩት። ነጩ ቁልፍ ከወለሉ 72 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የልጁ ክርን ደግሞ ከቁልፉ ጋር እኩል ይሁን፤ ወንበሩ ካጠረ ጋቢ አጥፈው ያስቀምጡበት።

ዝተቱ ግን ከታች ይቅር። ፒያኖውን በዝተት፣ በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ የሚሸፍኑ አሉ፤ የሚረግፈው የክር ብናኝ በቁልፎቹ መካከል ገብቶ ከላይ ያልነው የጎማ ነጥብ ላይ ያርፋል። ሽመናው ጥብቅ የሆነ አቡጀዲ ይሻላል። ቡናም ከሌላው ክፍል ጥግ ይፈላ፤ የዕጣኑና የከሰሉ ጭስ ከቅባት ጋር ሆኖ አቧራውን ያጣብቀዋል፣ ስኒም ፒያኖ ላይ አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወንድሜ ክራር ይጫወታል፣ እኔ ፒያኖ ጀማሪ ነኝ። አብረን ትዝታ መጫወት እንፈልጋለን ግን አይገጥምም።
— ከአንኮበር

መልስ፦ እህታችን፣ ጥቁሮቹን ብቻ ተጫወቺ። ጥቁር ቁልፎች በሁለትና በሦስት ተቧድነው ታያቸዋለሽ። ከሦስቱ የመጀመሪያውን፣ ኤፍ ሻርፕን ያዢና ወደ ቀኝ አምስቱን ጥቁሮች በተራ ምቺ፤ ትዝታ ሜጀር ነው። ነጭ እስካልነካሽ ድረስ ከቅኝቱ አትወጪም።

ክራሩ ወደ ፒያኖው ይምጣ እንጂ ፒያኖው ወደ ክራሩ አይሂድ። ክራሩ ስድስት ክር ካለው አምስቱን እነዚያን አምስት ድምፆች፣ ስድስተኛውን የመጀመሪያውን ኦክታቭ አድርጋችሁ አንዱን ቁልፍ እየመታሽ ወንድምሽ ክሩን ያስማማ። ለድምፃችሁ ከፍ ካለ ትራንስፖዝ በሚለው ምርጫ በግማሽ ድምፅ፣ በግማሽ ድምፅ አውርጂው፤ ጣትሽ ጥቁሮቹ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ ክራሩም በዚያው ልክ ይላላ። ለጥቂት ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ማስተካከያው ሌላ ነው፦ ፒያኖው የሚቃኝበት የ«ኤ» ድምፅ መሠረቱ 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ሆኖ በብዙዎቹ ዲጂታል ፒያኖዎች ከ415 እስከ 466 ገደማ ይንቀሳቀሳል። ይህን ከመንካትሽ በፊት ግን ክራሩ ከውጭ ብርድ ከገባ ሩብ ሰዓት ይቆይ። ክሩ ሲሞቅ ድምፁ ስለሚለወጥ በብርዱ የተቃኘው ክራር ዘፈኑ መሃል ላይ ሳይደርስ ከፒያኖው ይለያያል።