ሦስት ፎቶ ወደ አንድ፦ በየትኛው ሶፍትዌር?

ሰላም ወንድሜ። ለሽያጭ የሚቀርቡ አፓርታማዎች ፎቶ እንደምታነሳ ጽፈሃል። ክፍሉ በደንብ ሲታይ መስኮቱ ነጭ ይሆናል፣ መስኮቱን ስታስተካክል ደግሞ ክፍሉ ይጨልማል። አንዱን ጨለም፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ደመቅ አድርገህ ያነሳሃቸውን ሦስት ፎቶዎች ወደ አንድ ለማዋሃድ ላይትሩም ይሻላል ወይስ ፎቶማቲክስ፣ ነጻስ የለም ወይ ነው ጥያቄህ። እኔም እንጀራዬ እሱው ስለሆነ የደረሰብኝን ልንገርህ።

የጀመርኩት በፎቶማቲክስ ነው። የሙከራ ቅጂው ፎቶው ላይ ማህተም ከማተሙ በቀር ለመማር አይከፋም። እኔ ግን ማስተካከያዎቹን ሳገኝ አበድኩ። ሁሉንም እስከ ጫፍ! መስኮቱ ዙሪያ ነጭ ጭጋግ መጣ፣ ነጩ ግድግዳ ጠቆረ። ደላላው አይቶ «ቤቱ ተቃጥሎ ነበር እንዴ?» አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር። እዚያው ፎቶማቲክስ ውስጥ ኤክስፖዠር ፊውዥን የሚባል መንገድ አለ። ከየፎቶው ጥሩ ብርሃን ያገኘውን ቦታ እያመዛዘነ ያዋህዳል እንጂ ቀለሙን አያጦዝም። ለቤት ውስጥ ፎቶ ከእሱ ጀምር።

ይኸው ዘዴ በነጻ ከፈለግክ ኢንፊውዝ አለልህ፤ ሃጊን ከሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጋር አብሮ ይመጣል። መልኩ አይስብም፣ ውጤቱ ግን ዓይን ላይ አይጮህም። ካሜራው ከተንቀሳቀሰ አስቀድመህ ፎቶዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ልክ ማስገጠም አለብህ፤ ለዚያም ሃጊን ውስጥ መሣሪያ አለ።

አሁን የምሠራው በላይትሩም ነው። ከ2015 ጀምሮ ማዋሃጃ አለው። ትልቁ ጥቅሙ የሚሰጥህ ፋይል ዲኤንጂ መሆኑ ነው፤ ካዋሃድክ በኋላም ካሜራው ሳይነካካ እንደሚያስቀምጠው ጥሬ (ሮው) ፋይል ብርሃኑንና ቀለሙን እንደልብህ ታስተካክላለህ። ችግሩ የየወሩ ክፍያ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በዶላር ካርድ መክፈል ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ ታውቀዋለህ። አንዴ ከፍሎ መገላገል ለሚፈልግ ፎቶማቲክስ ይሻላል።

ከመግዛትህ በፊት ግን ድረ ገጻቸው ላይ ያለውን የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ አትመን። በጣም ያስቸገረህን የራስህን ፎቶ አስገባበት። የኔ መፈተኛ አንድ ሳሎን ነው። መስኮቱ ተከፍቶ ነበርና ንፋሱ መጋረጃውን በሦስቱም ፎቶ ሦስት ቦታ አድርሶታል። ኢንፊውዝ ሦስት መጋረጃ አወጣልኝ፣ እንደ መንፈስ የሚያሳልፍ። ላይትሩም ላይ ዲጎስት የሚለውን፣ የተንቀሳቀሰ ነገር የሚተወውን መንፈስ የሚያጠፋውን፣ መካከለኛ ላይ ሳደርገው መጋረጃው አንድ ሆነ። ግን ያንን ቦታ ከአንድ ፎቶ ብቻ ስለሚወስደው ጥላው ላይ ትንሽ ሸካራ ሆነ። ለደንበኛ ግን ይበቃ ነበር።

ካሜራው ላይ የብርሃኑን መጠን (ኤክስፖዠር) ለሦስቱ ፎቶዎች ሲቀንስ ሁለት፣ ዜሮ፣ ሲደመር ሁለት አድርገህ በትራይፖድ አንሳ። መስኮቱን ዝጋ፣ አምፖሉንም አጥፋ። የአምፖሉ ቢጫና የውጪው ሰማያዊ ብርሃን አንድ ግድግዳ ላይ ከተደባለቁ የትኛውም ማዋሃጃ አይለያቸውም። ላፕቶፕህ ራሙ 8 ጊጋባይት ከሆነ ደግሞ፣ እሱ እስኪያዋህድ አንተ ቡናህን አፍላ።