ለሁለተኛው እሳት ለምትዘጋጁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፤

የፋርስን ወርቅማ የግድግዳ ሸክላ ለመሥራት ቆርጣችሁ ተነስታችኋል። 30 ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬአለሁና ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ አፈር ከመግዛታችሁ በፊት ደብተር ግዙ።

ምክንያቴን ከካሻን ልጀምር። ካሻን በኢራን በረሃ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ እስከ 14ኛው አጋማሽ (ዘመኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የዚህ ጥበብ መናኸሪያ ነበረች። ፋርሶች እስከ ዛሬ የግድግዳ ሸክላን በእርሷ ስም «ካሺ» ይሉታል። ሙያው ግን በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ብቻ ነበር። ከእነዚያ አንዱ የአቡ ጣሂር ቤት ነው። የዚህ ቤት ልጅ ዓሊ ኢብን ሙሐመድ በኢራኗ የቫራሚን ከተማ ለሚገኘው የኢማምዛዴ ያህያ መቃብር በ1265 ታላቁን ሚህራብ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ የሚያመለክተውን የጸሎት ጎድጓዳ ግድግዳ፣ ሠራ። ከልጆቹ ዩሱፍ የአባቱን እቶን ወረሰ። አቡ አልቃሲም ግን ከጭቃው ርቆ በሞንጎል ገዢዎች ቤተ መንግሥት የታሪክ ጸሐፊ ሆነ።

የቤተሰቡን ሙያ በ1301 በወረቀት ያሰፈረው እንግዲህ ከሙያው የወጣው ልጅ ነው። ዩሱፍ በ1334 ስሙን ያኖረበት ሚህራብ ዛሬም አለ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የካሻን እቶኖች ወርቅማውን ሸክላ ማውጣት አቆሙ፣ ሥራውም ለረጅም ዘመን ተቋረጠ። የዩሱፍ እጅ ከማናችንም እጅ ይበልጥ ነበር። ያ እጅ የሚያውቀው ሁሉ ግን አብሮት ተቀበረ። እኛ የምንደገፈው ወንድሙ በጻፋቸው ጥቂት ገጾች ላይ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

ስለ አሠራሩ ባጭሩ ልንገራችሁ። አካሉ ተራ ጭቃ አይደለም። አቡ አልቃሲም 10 እጅ የተፈጨ ኳርትዝ (ነጭ ጠንካራ ድንጋይ)፣ 1 እጅ የብርጭቆ ዱቄት፣ 1 እጅ ነጭ የሸክላ አፈር ይላል። እንደ ጭቃ አይታዘዝም፤ ስትለጥጡት ይሰነጠቃል። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብና በኮከቦቹ መካከል የሚገጥም መስቀል ሆኖ ይቀረጻል፤ በእሳት ቀልጦ እንደ ብርጭቆ የሚሸፍነውን ነጭ ልባስ ይለብስና ወደ መጀመሪያው እሳት ይገባል። ነጭና አብረቅራቂ ሆኖ ሲወጣ ያለቀ ይመስላል። ሥራው የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የብርና የመዳብ ውህድ ከቀይ አፈርና ከኮምጣጤ ጋር ይፈጭና በብሩሽ ይሳላል። በዚህ ጊዜ የቡና አተላ እንጂ ወርቅ አይመስልም። ከዚያ ሁለተኛው እሳት ይመጣል፤ በ600 እና በ650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ልባሱ ሳይቀልጥ ትንሽ ሲለሰልስ አየር ተከልክሎ እቶኑ በጢስ ይሞላል። አየር ያጣው ጢስ ኦክስጅኑን ከብሩና ከመዳቡ ላይ ይነጥቃል። ማዕድኖቹም ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች ሆነው በልባሱ ቆዳ ውስጥ ይቀራሉ፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው እንደ ወርቅ ይነጸባርቃሉ። አንዲት ቅንጣት ወርቅ የለበትም። ጀበና በቅጠል ጢስ ሲጠቁር ያየ ሰው ጢስ ራሱ የሸክላ ቀለም እንደሚሆን ያውቃልና ለእናንተ ይህ ፍጹም እንግዳ አይሆንም።

ጢሱ መቼ ይብቃ? አቡ አልቃሲም 72 ሰዓት ለስላሳ ጢስ ይላል፤ የእኔ ትንሽ እቶን ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ የምታምኑት የሙከራ ቁራጭን፣ ማለትም ለመፈተሻ አብሮ የሚገባውን ትንሽ ሸክላ፣ ብቻ ነው። በእቶኑ ቀዳዳ በብረት ዘንግ አንዱን ጎትቼ አወጣለሁ። ሲበርድ ላዩን የሸፈነውን የተቃጠለ አፈር በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ከሥሩ ደብዛዛ ቢጫ ብቻ ከታየ ይቀረዋል፤ ግራጫ ከሆነ አልፎበታል።

አንድ ክረምት 42 ኮከቦች በአንድ እሳት አበላሽቻለሁ። ሦስተኛው ቁራጭ ያማረ ነበር። ትንሽ ይድመቅ ብዬ እንደገና እንጨት ጨመርኩ። እቶኑን በማግስቱ ስከፍት ሁሉም እንደ አመድ ገርጥተው ጠበቁኝ። አልቅሻለሁ። ከዚህ የከፋው ግን ስንት እንጨት፣ በስንት ሰዓት እንደጨመርኩ አለመጻፌ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ጥፋት ደገምኩት።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ አዛችኋለሁ። ከዚህ ጢስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ሁለተኛውን እሳት ቤት ውስጥ አታንድዱ፣ ብቻችሁንም አትሁኑ። በድሮው ቅመም ውስጥ አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለ፤ ለታሪክ ታማኝ እንሁን ብላችሁ እንዳትነኩት።

አንዳንድ ባለሙያዎች ቅመማችሁን ደብቁ ይሏችኋል። የዳቦ ጉዳይ ነውና አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አልስማማም። አቡ አልቃሲም እንኳ ቅመሙን ነገረን እንጂ የነበልባሉን መልክ፣ የጭስ ማውጫውን ሽታ፣ ዝናብ የዋለበት እንጨት ምን እንደሚያደርግ አልነገረንም። እናንተ ይህን ጻፉ። ያማረውንም የተበላሸውንም ቁራጭ ቁጥር ሰጥታችሁ ከገጹ ጋር አኑሩ።

የዚያ የቫራሚን መቃብር ኮከቦች ከግድግዳቸው ተነቅለው በዓለም ተበትነዋል፤ ሚህራቡ ሆኖሉሉ ነው ያለው፣ ከኮከቦቹ ብዙዎቹ ለንደን ናቸው። በቦታቸው ቢቀሩ እመርጥ ነበር። ለንደን የምትኖሩ ግን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሂዱና ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ወደ ጎን ጠጋ ብላችሁ ብርሃኑ በሸክላው ላይ እስኪንሸራተት ጠብቁ። በዚያች ቅጽበት ያያችሁትን ቀለም እዚያው ቆማችሁ ጻፉ።

የእኔን ደብተሮች መገልበጥ ለምትፈልጉ ቤቴ ክፍት ነው። 42ቱን ኮከቦች ያበላሸሁበትን ገጽ፣ በኋላ ያስታወስኩትን ያህል ሞልቼ፣ በቀይ ክር አስሬዋለሁ። ከእርሱ ጀምሩ።