«ልጄን የማያት እንደ እስረኛ ጠያቂ ሆኜ ነው»

«ዶክተር፣ እኔና ባለቤቴ ከተለያየን ሰባት ወር ሆነን። እሷ ላይም ልጃችን ላይም እጄን ሰንዝሬ አላውቅም፤ በጭቅጭቅ ነው የተለያየነው። ፍርድ ቤት የአራት ዓመት ልጄን በየአሥራ አምስት ቀኑ ለሁለት ሰዓት በወላጅና ልጅ መገናኛ ማዕከል እንዳያት ወሰነ። እስከዚያ አላየኋትም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ፂሜን ተላጭቼ፣ ቁመቷን የሚያክል አሻንጉሊት ይዤ ሄድኩ። የቤት ሠራተኛዋን ቀሚስ ይዛ ተደበቀችብኝ። ከኋላዋ ሆና እያጮለቀች ታየኛለች። አንዲት የማዕከሉ ሴትዮ ደግሞ ጥግ ተቀምጣ ትጠብቀናለች። ሁለተኛውም ቀን ያው ነው። ብተወው አይሻልም? ስታድግ ራሷ ትፈልገኛለች። ምን ይሉኛል?»

ወንድሜ፣ ፂምህን መላጨትህን እግረ መንገድህን ነው የጠቀስከው። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆየሁ። ልጅህ የምታውቀው ባለ ፂም አባት ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ሰባት ወር ማለት ከምታስታውሰው ዕድሜዋ ትልቅ ድርሻ ነው። እና በማታውቀው ክፍል ውስጥ አንድ ፂም የሌለው ሰውዬ ቁመቷን የሚያክል አሻንጉሊት ተሸክሞ መጣባት። እኔም ብሆን እደበቅ ነበር።

መደበቋ ጥላቻ አይደለም። የጠላችህ ቢሆን አታጮልቅም ነበር። ትንሽ ልጅ ግራ ሲገባት መጀመሪያ የምትጠጋው የምታውቀውን የቤቷን ሰው ነው፤ ሠራተኛዋን የያዘችው ለዚህ ነው።

ጥግ ስለተቀመጠችው ሴትዮ ልንገርህ። እንዲህ ዓይነት ማዕከሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ጋ ብዙ ቤተሰብ በአንድ አዳራሽ ይገናኛል፤ ሠራተኞቹ ቅርብ ናቸው እንጂ ወሬያችሁን ቁጭ ብለው አይጽፉም። ሌላው ጋ ደግሞ የማዕከሉ ሠራተኛ እያየችና እየሰማች ማስታወሻ ትይዛለች፤ ያ ማስታወሻ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። ያንተ የትኛው እንደሆነ ጠይቅ። በግምት ከመብሰልሰል ይሻላል። ወደዚያ የሚላከው ደግሞ ጥፋተኛ ብቻ አይደለም። ወላጆች መነጋገር ሲያቅታቸው፣ ወይም ልጅና ወላጅ ተራርቀው ሲቆዩም ይላካሉ። (ጥቃት ያለበት ቤት ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ማዕከሎቹ ለእሱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ የልጅህ እናት «ፈራሁ» ብትል «አጋነነች» ብለህ አትለፈው።)

አንድ ነገር ደግሞ አስተውል። ብዙ ማዕከሎች ወላጆችን በተለያየ ሰዓት ወይም በተለያየ በር ያስገባሉ። ርክክቡ ላይ ሁለታችሁ ስትገላመጡ ልጅቷ አታይም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። በሰባት ወር ውስጥ ጠባችሁ የማይገባበት ቦታ ስታገኝ ምናልባት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ብተወው» ላልከው፣ አይሆንም። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9 ከሁለቱም ወላጆች ጋር አዘውትሮ መገናኘትን፣ ደህንነቷን እስካልጎዳ ድረስ፣ የልጅ መብት አድርጎ ነው የጻፈው። ቀጠሮው የእሷ ነው። አንተ ስትቀር ደግሞ «አባዬ ተከፍቶ ነው» ብላ አታስብም። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ይወስዱታል፤ «አስቸግሬው ነው የቀረው» ትላለች። ያንን ይዛ አድጋ ነው እንግዲህ የምትፈልግህ?

አሻንጉሊቱን እቤት ተወው። የሥዕል ደብተርና ከለር ያዝ፤ በየቀጠሮው ያንኑ ደብተር፣ ካቆማችሁበት ገጽ። ምንጣፉ ላይ ቁጭ በልና ብቻህን መቀባት ጀምር። አትጥራት፣ ሳሚኝ አትበላት። ስትመጣ ትመጣለች። «እማዬ ምን ትላለች?» የሚለውን ጥያቄ ዋጠው፤ «ቤቴ እወስድሻለሁ» የሚለውንም ቃል እንዲሁ። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀር ንገራት፣ ስንብቱን አሳጥረው፣ እንባ ከመጣብህ ውጭ ይጠብቅህ። ስትሄድ ብታለቅስ አንተንም እናቷንም የሚያስወቅስ ነገር የለውም። መለየት ከብዷት ነው።

ሳትቀር ሳታረፍድ ከተመላለስክ፣ ሁኔታው እንዲሻሻል በጠበቃህ በኩል ስትጠይቅ የምታሳየው ነገር ይኖርሃል። ለብዙ ቤተሰብ ማዕከሉ መሸጋገሪያ ነው፤ ከዚያ ወደ መናፈሻ፣ ከዚያ ወደ ቤት ይኬዳል።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ባለ ፂም ሆነህ ከእሷ ጋር የተነሳኸው ፎቶ ካለ፣ ሠራተኞቹን አስፈቅደህ ያዘው። እስከዚያ ምላጩን አትንካ።