ያገለገለ የርግብ ሳጥን፤ በረኪናው ለምን አልሠራም?

ጥያቄ፦ ርግብ ማርባት ካቆመ ሰው 6 ያገለገሉ የጣውላ መፈልፈያ ሳጥኖች በርካሽ ገዛሁ። ኩሱን ላይ ላዩን ጠራርጌ በረኪና ረጨሁባቸው፤ ቀኑን ሙሉም ፀሐይ ላይ አዋልኳቸው። አሁን ግን ወላጆቹ ሌሊት ሌሊት ጎጆውን ጥለው ይወጣሉ፤ የጫጩቶቹም አፍ ውስጡ ነጥቷል። በረኪናው የውሸት ይሆን?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ የበረኪናው ጥራት አያሳስብዎ። በረኪና ኩስ ላይ ሲያርፍ ጉልበቱን እዚያው ይጨርስና ጣውላው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። እርስዎ የገለጹት ምልክት ግን ይበልጥ የሚያስጠረጥረው ቀይ ቅንቅንን ነው። ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ተባይ ናት፤ ቀን መጋጠሚያና የሚስማር ቀዳዳ ውስጥ ተሸጉጣ ትውልና ሌሊት ወጥታ ደም ትመጣለች። ያለ ደም ለወራት ስለምትቆይ «ሳጥኑ ባዶውን የከረመ ነው» የሚለው የሻጭ ወሬ ዋስትና አይሆንም።

ለማረጋገጥ ከካርቶን ጣት የሚያህል ቁራጭ ይቁረጡ፤ ሽንትር ሽንትር ያለው ዓይነት ይሁን። ጎጆው ሥር አስገብተው 2 ሌሊት ያሳድሩት። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፉት። የሚንቀሳቀስ ግራጫ ወይም ቀይ ነጥብ ካለ በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ደም ከቀባ እሷው ናት። ምንም ካልተገኘ ጫጩቶቹን ሐኪም ይያቸው፤ መንጣት ሌላም መነሻ አለው።

ጫጩቶቹን ንጹሕ ካርቶን ውስጥ ያድርጓቸውና ካርቶኑን ሳጥኑ በነበረበት ቦታ ላይ ያስቀምጡት። ወላጆቹ የሚያውቁት ቦታውን ስለሆነ ፈቀቅ ካለባቸው ላይመግቡ ይችላሉ።

ቀጥሎ ሳጥኑን ይፍቱት። መጋጠሚያው ካልተከፈተ የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ነው። ኩሱን በደረቁ አይፋቁ፤ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። ውሃ ረጭተው ካራሱት በኋላ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይፋቁ። ከዚያ ኦሞ በገባበት ሙቅ ውሃ በሽቦ ብሩሽ ይሹት፤ በመጨረሻም የፈላ ውሃ በየስንጥቁ ቀስ እያሉ ያፍስሱ። ቅንቅኗንም እንቁላሏንም የሚገድለው ይህ ነው፤ በረኪና የማይደፍረውን የኮክሲዲያ (አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተውሳክ) እንቁላልም እንዲሁ።

በረኪናው ተራው ከዚህ በኋላ ነው። ጀሪካኑ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 1 ሊትሩን ከ9 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይበጥብጡ። ጣውላው ለ20 ደቂቃ እንደራሰ ይቆይ፤ አዳማ ላይ ንፋሱ ቶሎ ስለሚያደርቀው ደጋግመው ያርሱት። ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጀሪካን አቅሙ ስለሚደክም ጥላ ውስጥ የቆየ ይግዙ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ግን በፍጹም እንዳይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ከዚያ አለቅልቀው ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጣውላ በቀላሉ ስለማይደርቅ ሥራውን ከክረምቱ በፊት ይጨርሱት።

የፈላውን ውሃ ከ7 ቀን በኋላ ይድገሙት፤ በሙቀት ጊዜ ቅንቅን በሳምንት አካባቢ ትውልድ ትተካለች። ሲጨርሱ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍነው 1 ኪሎ የጠፋ ኖራ በ2 ሊትር ውሃ በጥብጠው ይቀቡት፤ ጓንትና መነጽር አይርሱ። ተባይዋ ወደ ርግብ ቤቱ ግድግዳና መቆሚያ እንጨት ተሻግራ ስለምትሆን እዚያም የፈላ ውሃ ያስፈልጋል። ከሳጥኖቹ መካከል የቺፑድ ካለ ግን ባይደክሙ ይሻላል፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይጥሉት።

ጥያቄ፦ ለቅንቅን ላምባ መቀባት ይቻላል? ርግቦቹ እንቁላል የሚታቀፉበት የሸክላ ጎድጓዳስ እንዴት ይጸዳል?

መልስ፦ ላምባውን ይተዉት። ጣውላው ውስጥ ሰርጎ ይቀርና በላባ ወደ እንቁላል ይተላለፋል፤ በቅርፊቱ ሰርጎ ሲገባም ሽሉን መርዞ ይገድለዋል። እሳት የማስነሳት ስጋቱም አለ። ሸክላው ታጥቦ እዚያው የበረኪና ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፤ ከዚያ በደንብ ተለቅልቆ ፀሐይ ይምታው። የተሰነጠቀውን አይመልሱት።