ትልቅ የካርቶን ፒራሚድ ጎኑ እንዳይሰምጥ

እህቴ፣ ለትምህርት ቤታችሁ ኤግዚቢሽን የታች ጎኑ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጊዛ ፒራሚድ ከካርቶን ልትሠሪ እንደሆነ፣ ጎኖቹ ግን መሃል ላይ እየሰመጡ እንዳስቸገሩሽ ጽፈሻል። እዚሁ ባሕር ዳር ከተማሪዎች ጋር ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ልኩን አስተካክዪ። የጊዛው ትልቁ ፒራሚድ፣ የኩፉ ፒራሚድ፣ ሲሠራ የታች ጎኑ 230 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 146.6 ሜትር ነበር። ወደ አንቺ 150 ሲመጣ ቁመቱ 95 ተኩል ይሆናል። ብዙ ሰው ይህንኑ 95 ተኩል ይዞ ሦስት ማዕዘኑን ይቆርጣል። አይሆንም! ጎኑ ያዘነበለ ስለሆነ ከቁመቱ ይረዝማል። ከታች 150፣ ከመሃል እስከ ጫፍ 121 ተኩል አድርገሽ ቁረጪ። በ95 ተኩል ከተቆረጠ ሲቆም ቁመቱ 59 ብቻ ይሆናል፤ ፒራሚድ ሳይሆን የተደፋ ሰፌድ ይመስላል። በትክክል ከተሠራ ሁለቱ ጠርዞች 143 ገደማ ይመጣሉ። በሜትር አረጋግጪ።

አሁን ወደ መስመጡ። ይህን ያህል ስፋት ካርቶን ብቻውን አይሸከምም። ውስጡ አጥንት ይፈልጋል። ታቹ 150፣ ቁመቱ 95 ተኩል የሆኑ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ቁረጪ። የካርቶኑን ውፍረት ያህል ብቻ አሳንሻቸው። አንዱን ከጫፉ እስከ ግማሽ፣ ሌላውን ከታች እስከ ግማሽ ሰንጥቂና መስቀል አድርገሽ አጠላልፊያቸው። እያንዳንዱ ጎን መሃሉ ላይ ድጋፍ ያገኛል። ችግርሽ በዚህ ብቻ ይፈታል ብል አላጋነንኩም።

ካርቶኑ የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ቢሆን ይመረጣል። ውስጡ ያለው ሞገድ ከታች ወደ ጫፍ እንዲሄድ አድርጊ፤ ወደ ጎን ከሄደ ቶሎ ይታጠፋል።

ላዩን በጋዜጣ ስትለብጪ (የቆየ በኩር ጋዜጣ በጣም ጥሩ ነው) የውስጡንም ፊት ለብጪው። አንድ ወገን ብቻ ከተለበጠ ወረቀቱ ሲደርቅ እየተኮማተረ ካርቶኑን ያጎብጠዋል። የዱቄት ሙጫ ይበቃል፣ ግን ቀጠን አድርጊው። ሥራው ጠዋት ተጀምሮ ፀሐይ ይምታው። ማታ ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድሪው፤ በተለይ ሐይቁ አጠገብ ከሆናችሁ እርጥበት ይስባል።

አንድ ነገር እንዳትረሺ፦ ቤት ውስጥ ገጣጥመሽ ከጨረስሽ በበር አይወጣም፣ ባጃጅም አይጭነውም። አራቱን ጎን ለየብቻ ይዘሽ ሄደሽ እዚያው በሰፊ ስኮች ከውስጥ አያይዢው።

ቀለሙን ሁሉም ሰው አሸዋማ ያደርገዋል። እኔ ግን ቢያንስ አንዱን ጎን ነጭና ለስላሳ አድርጉት እላለሁ። ፒራሚዱ በመጀመሪያ ከዓባይ ማዶ፣ ከቱራ በመጣ ነጭ የኖራ ድንጋይ ተለብጦ ነበር። አሁን የሚታየው ሻካራ ደረጃ ልባሱ ከተነቀለ በኋላ የቀረው ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል።

ቦታ ከተረፋችሁ ደግሞ አጠገቡ ትንሽ የደንገል ታንኳ አስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባት «ራ» የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው። የተሠራችውም እዚያው ጊዛ፣ ፒራሚዶቹ አጠገብ ነበር። የባሕር ዳር ልጆች ለእንግዳ ሊያስረዱት የሚገባ ታሪክ ነው።